የተረሳን የጎጃም ባንድ አመጣጥ ለማወቅ ከመሣሪያው ባለቤት መነሣት

ድምፃዊ ስሙ ሲጠራ ይኖራል፤ ከኋላው ቆሞ ጊታር የመታው፣ ሳክስፎን የነፋውና ኦርጋን የተጫወተው ሰው ግን ካሴቱ ሲያረጅ አብሮ ይረሳል። የአዲስ አበባ ባንዶች እንኳ ከአገር ውጭ ባሉ የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ በሰፊው የታወቁት፣ ኢትዮፒክስ በሚል መጠሪያ የወጡት ተከታታይ ሲዲዎች ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የድሮዎቹን ቅጂዎች ደግመው ካሰራጩ በኋላ ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በዳንግላ ወይም በቡሬ አዳራሽ ውስጥ የጃዝንና የሮክን ስልት ከትዝታና ከባቲ ቅኝት ጋር አዋሕዶ ይጫወት የነበረ የክፍለ ሀገር ባንድ ሸክላ ካላሳተመ፣ ለስሙ ምስክር ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ አንድ የተቀዳደደ የካሴት ሽፋን፣ አንድ ፎቶግራፍ ወይም የአንድ አዛውንት ትዝታ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቁራጭ ማስረጃ ይዞ የባንዱን አመጣጥ ለማወቅ ለሚነሣ ሰው፣ ሥራውን ከየት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚያካሂድ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

መሣሪያውን ማን ገዛው?

አብዛኛው ፈላጊ የሚጀምረው “ባንዱን ማን መሠረተው?” ብሎ በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም መልሱ ሩቅ አያደርስም፤ ምክንያቱም በሕይወት ካሉት አባላት ብዙዎቹ ራሳቸውን መሥራች አድርገው ይቆጥራሉ፣ ሁሉም በየበኩላቸው እውነት ሊኖራቸው ይችላል፣ የሞቱት ደግሞ መልስ መስጠት አይችሉም። በእኔ አስተያየት የተሻለው መነሻ መሣሪያው ነው። ድራም፣ ሊድና ቤዝ ጊታር፣ አምፕሊፋየር፣ ኦርጋንና ሳክስፎን በዚያ ዘመን አንድ ወጣት መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ በቀላሉ የሚገዛቸው ዕቃዎች አልነበሩም። ስለዚህ መሣሪያው የባለ ሆቴል፣ የትምህርት ቤት፣ የፋብሪካ፣ የፖሊስ ወይም የጦር ክፍል፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላም የቀበሌ ወይም የክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ንብረት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነበር። በአዲስ አበባም ቢሆን የዋሊያስ ባንድ አባላት የራሳቸውን መሣሪያ መግዛታቸው በታሪካቸው ውስጥ ተለይቶ የሚነገረው፣ አብዛኛው ተጫዋች በምሽት ክበቡ ባለቤት መሣሪያ የሚሠራ ስለነበረ ነው።

የመሣሪያው ባለቤት ሲታወቅ ብዙ ነገር ተከትሎ ይገለጣል። ባንዱ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ አባላቱ ከየት እንደተሰባሰቡ፣ ለምን አንዱ ቀርቶ ሌላው እንደተተካ፣ በመጨረሻም ለምን እንደፈረሰ ከባለቤቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ተጫዋቾች ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው ሲሄዱ ስማቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ መሣሪያው ግን ወይ ባለበት ይቀራል፣ ወይ በርክክብ ይተላለፋል፣ ርክክብ ደግሞ ወረቀት ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር “አመጣጥ” ሲባል የትኛውን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። ስሙ የወጣበት ቀን፣ ተጫዋቾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የተጫወቱበት ቀንና የሙዚቃው ስልት የተፈጠረበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ አይደሉም። በትምህርት ቤት ያለ ስም ለሦስት ዓመት አብረው የተጫወቱ ልጆች በኋላ ሆቴል ሲቀጠሩ ባለ ሆቴሉ ስም ሊያወጣላቸው ይችላል፤ እንደዚሁም አንድ ስም ሳይለወጥ በሥሩ ያሉት ሰዎች በሙሉ ሊለወጡ ይችላሉ። ሦስቱን በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ለየብቻ መዝግበው ይያዙ።

ባለቤቱን ተከትሎ ወረቀት መፈለግ

መሣሪያው የሆቴል ወይም የቡና ቤት ከነበረ፣ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለውን ዘመን ለይቶ መያዝ የግድ ነው። በዚያ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የብዙ ሕንፃዎችን ባለቤትነት ለውጧል፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ የተቋቋሙትም በዚሁ አዋጅ ነው። ሕንፃው ሲተላለፍ በውስጡ የነበረው ድራምና ድምፅ ማጉያ ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ወደ ቀበሌ ሄዶ ከሆነ የሆቴሉ ባንድና የቀበሌው ኪነት በስም የተለያዩ፣ በመሣሪያና በከፊል በተጫዋች ግን አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀድሞው ባለ ሆቴል ቤተሰብ ያለፈቃዱ የተወሰደበትን ንብረት ዝርዝር በሰነድ ሣጥኑ ውስጥ ጠብቆ ማኖሩ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ከመንግሥት መዝገብ ቤት በፊት ይህን ቤተሰብ መጠየቅ ይሻላል።

መሣሪያው የመንግሥት ወይም የሕዝብ ድርጅት ንብረት ከነበረ ሥራው በአንድ በኩል ይከብዳል፣ በሌላ በኩል ይቀላል። የሚቀለው የኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የተባለ ደረሰኝ ስለሚቆረጥለት ነው። አንድ የጊታር አምፕሊፋየር ወደ ንብረት ክፍል የገባበት ሞዴል 19 ቢገኝ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ከየት እንደመጣና የተረከበውን ሰው ስም በአንድ ገጽ ይሰጣል፤ ይህ ከብዙ ሰዓት ቃለ መጠይቅ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። የሚከብደው ደግሞ እንዲህ ያለው ወረቀት የት እንዳለ ማወቅ ነው። ጎጃም እንደ ክፍለ ሀገር ስትተዳደር ዋና ከተማዋ ደብረ ማርቆስ ነበረች፤ በ1980 ዓ.ም. ግን ክፍለ ሀገሩ ተከፋፍሎ ምሥራቅ ጎጃም በደብረ ማርቆስ፣ ምዕራብ ጎጃም በባሕር ዳር ሥር ሆነ፤ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ባሕር ዳር የክልል ከተማ ሆነች። በመሆኑም በባሕር ዳር ይጫወት የነበረ ቡድን ወረቀት በደብረ ማርቆስ ሊገኝ፣ በደብረ ማርቆስ የነበረው ደግሞ ከክፍፍሉ ጋር ወደ ባሕር ዳር ተጭኖ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው ከተማ “የለም” የሚል መልስ ማግኘት ፍለጋውን አያዘጋም።

በደብዳቤ ፍለጋ ላይ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲገኝ ዐይን የሚሄደው ወደ ጉዳዩና ወደ ፊርማው ነው። ከግርጌ “ግልባጭ” ከሚለው በታች ያሉት መሥሪያ ቤቶች ግን የዚያው ደብዳቤ ሌላ ቅጂ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለአንድ ትምህርት ቤት ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የጻፈው ደብዳቤ ለአውራጃ አስተዳደርና ለገንዘብ ቤት በግልባጭ ሄዶ ከሆነ፣ ዋናው ቢጠፋ እንኳ በሁለቱ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀንና የግልባጭ ዝርዝር ሳያጓድሉ ይቅዱ። መዝገብ ቤት ሲሄዱም የደብዳቤ ቁጥር ይዞ የመጣና “ስለ ባንድ ያለ ነገር ካለ” ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኩል አይስተናገዱም። ወደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ይህ ካልተቻለ ከአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ አለቃው አይፈቅድለትም።

በክፍለ ሀገሩ ደረጃ የነበረው የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን፣ ከወሎው ላሊበላና ከጎንደሩ ፋሲለደስ ጋር በደርግ ዘመን ስማቸው ከሚጠሩት ቡድኖች አንዱ ነው። ትንሿን የቀበሌ ወይም የሆቴል ባንድ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቡድን ጠቃሚ የሚሆንበት ምክንያት፣ በየከተማው ጥሩ የሚጫወት ሰው ሲገኝ ወደ ክፍለ ሀገር ቡድን መመልመሉ ነው። የቡድኑን የቀድሞ አባላት ሲያገኙ “ከዚህ ከመግባትዎ በፊት ከማን ጋር ይጫወቱ ነበር?” ብለው ይጠይቁ። አንድ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች የሄደበት ዓመት ትንሹ ባንድ የተዳከመበት ዓመት ሆኖ ይገኛል።

ትምህርት ቤትና ፋብሪካ

ትምህርት ቤት ሌላው የባንድ መነሻ ነው። በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲከበር የሚቀርብ ሙዚቃ ነበር፣ የትምህርት ቤት መጽሔትም በየጊዜው ይታተም ነበር። በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ለዚህ ዓይነት ፍለጋ መጀመሪያ የሚታሰቡ ናቸው። ፖሊቴክኒኩ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የቀድሞው ተቋም ፎቶግራፎችና መጽሔቶች በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ አለባቸው።

የውጭ አገር መምህራንም መረሳት የለባቸውም። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ከ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ እስከ አብዮቱ የመጀመሪያ ዓመታት ድረስ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። እነዚህ ወጣቶች ካሜራ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹም ጊታርና የሮክ ሸክላ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ያነሷቸው የቀለም ስላይዶች ዛሬ በአሜሪካ በየቤታቸው አሉ። የቀድሞ የሰላም ጓድ አባላት የራሳቸው ማኅበር ስላላቸው፣ የትምህርት ቤቱን ስምና ዓመቱን ጠቅሶ በትሕትና መጻፍ ብዙ ጊዜ መልስ ያስገኛል። በአንድ ስላይድ ጠርዝ ላይ የተገኘ ድራም በከተማው ውስጥ ከቀሩት ሰነዶች ሁሉ የቀደመ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የተማሪ ባንድ ከነበረ አንድ ወሳኝ ጊዜ አለ፤ እርሱም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ሲሰማሩ በየትምህርት ቤቱ የነበረ የሙዚቃ ቡድን መበተኑ አይቀርም። ባንዱ ከዚያ በፊት ነበረ ወይስ ከዘመቻ መልስ ተቋቋመ የሚለው ጥያቄ ለማንኛውም የቀድሞ ተማሪ ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ፋብሪካን በተመለከተ በኢጣልያ የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ወጣት ሠራተኛ በአንድ ቦታ ያሰባሰበ ስለነበረ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል መጠየቅ ይገባል። በነገራችን ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ባንድ ሲነሣ መብራቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ደንበኛ ዘዴ ነው። የጢስ ዓባይ የውኃ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባሕር ዳር ያገኘችውን መብራት ሌሎቹ ትንንሽ የጎጃም ከተሞች በዚያው ጊዜ አላገኙም። በአንድ ትንሽ ከተማ “በሃምሳዎቹ ዓመታት ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወቱ ነበር” የሚል ቃል ሲሰሙ፣ ጄኔሬተሩ የማን እንደነበረ ይጠይቁ፤ የጄኔሬተሩ ባለቤት ብዙ ጊዜ የአምፕሊፋየሩም ባለቤት ነው።

አዛውንቶችን መጠየቅ

ቃለ መጠይቅ ከወረቀት ፍለጋ ጋር ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ ሰው ዕድሜ አለውና ወረቀቱን ጨርሼ እመጣለሁ ማለት አደጋ አለው። በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ዕድሜ ባለጸጋዎቹ ነው። ሲሄዱም በሚያውቁት ሰው በኩል፣ ቀጠሮ ይዘው፣ “ጋሼ” ወይም “እትዬ” ብለው አክብረው ይቅረቡ፤ በመጀመሪያው ቀን መቅረጫ ከኪስ ማውጣት አያስፈልግም። ጃዝ-ሮክ የሚለው መጠሪያ በእነርሱ ዘንድ ላይታወቅ ስለሚችል “ዘመናዊ ባንድ” ወይም “የሆቴሉ ባንድ” ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ዓመተ ምሕረት በቀጥታ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ሰው የሚያስታውሰው ጊዜውን ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም የሚያውቃቸውን ክስተቶች እንደ ምልክት ይዘው ይሂዱ። ለጎጃም ሰው በግብርና ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው የ1960ው የገበሬዎች አመፅ፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የዘመቻው ጉዞ፣ በጥቅምት 1969 ዓ.ም. የብር ኖት የተለወጠበት ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተከበረው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አይረሱም። “መጀመሪያ ደመወዝ የተከፈልዎት በድሮው ብር ነው ወይስ በአዲሱ?” የሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ “በስንት ዓመተ ምሕረት?” ከሚለው ይልቅ እጅግ የጠበቀ ነው። የወር ጊዜን ለማወቅ ደግሞ ጾምና ሠርግ ይረዳሉ፤ ባንዶች ብዙ ሥራ የሚያገኙት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ነው። በሁዳዴ መካከል ሠርግ ላይ ተጫወትን የሚል ትዝታ ሲሰሙ በትሕትና ደግመው ያስጠይቁ።

ስለ መሥራችነት ክርክር ሲነሣ መሐል ገብተው ለመፍረድ አይሞክሩ። ይልቁንም ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፤ “መሣሪያው ሲመጣ ማን ተረከበው? የት ተቀመጠ? ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ማታ ሥራ ሲያልቅ ወዴት ይወሰድ ነበር?” መሥራች ማን እንደሆነ የሚከራከሩ ሰዎች ስለ ቁልፉ ሲጠየቁ በአብዛኛው ይስማማሉ። ለየብቻ ካነጋገሯቸው በኋላ ቢቻል አንድ ቀን በአንድ ላይ ሰብስቦ ፎቶግራፍ እያሳዩ ማጫወት ጥሩ ነው፤ መጀመሪያውኑ አንድ ላይ ከሰበሰቧቸው ግን ድምፁ የጎላው ሰው ትዝታ የሁሉም ትዝታ ይሆናል።

በተለምዶ ሳይጠየቁ የሚታለፉ ሰዎች አሉ። በሆቴሉ ሒሳብ የያዙ፣ ያስተናገዱ፣ ለተጫዋቾቹ እራት ያቀረቡ፣ በኪነት ቡድን የተወዛወዙና የዘፈኑ ሴቶች ማን መቼ እንደተቀጠረና ስንት እንደተከፈለው ከተጫዋቾቹ በተሻለ ያውቃሉ፤ ተጫዋቹ የሚያስታውሰው መድረኩን ነውና። ድምፅ ማጉያ ይጠግን የነበረ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የልብስ ሰፊና የፎቶ ቤት ባለሙያም እንዲሁ። ፎቶ ቤቱ ሥራውን ያቆመ ቢሆን እንኳ ኔጌቲቮቹ በልጆቹ ቤት መኖር አለመኖራቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን መሥራት ለአንዳንዱ ኩራት፣ ለአንዳንዱ ግዴታ፣ ለሌላው ደግሞ የታሰረ ወይም የሞተ ጓደኛ ትዝታ ነው። ስለ ቀይ ሽብር ዘመን፣ ማለትም ስለ 1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ሰዎች ዝምታቸው ሊከበርላቸው ይገባል። ከመቅዳትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፣ የተቀዳው ለምን እንደሚውል ይግለጹ፣ አንድ ሰው ይህ አይጻፍ ካለ አይጻፉት።

የድምፅ ማስረጃን ማንበብ

ሸክላ ከተገኘ፣ በመሃሉ ካለው ወረቀት በተጨማሪ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ክብ ላይ በመርፌ የተጫረውን ወይም የታተመውን ቁጥር ይቅዱ፤ ይህ ቁጥር ከአንድ ማተሚያ በአንድ ወቅት የወጡትን ሸክላዎች በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ይረዳል። በ1961 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አምሃ ሪከርድስና እርሱን ተከትሎ የመጣው ካይፋ ሪከርድስ ሸክላ ያወጡ የነበረው በአዲስ አበባ ስለሆነ፣ የጎጃም ባንድ ስም በሸክላ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው። ለክፍለ ሀገር ባንድ ዋናው ማስረጃ ካሴት ነው።

የካሴት ሽፋን ሲያነቡ ከድምፃዊው ስም በታች በትንሹ የተጻፉትን “አጃቢ”፣ “አቀናባሪ”፣ “ግጥምና ዜማ” የሚሉትን መስመሮችና የሙዚቃ ቤቱን ስም ይመዝግቡ። ሽፋኑና ውስጡ ያለው ካሴት አንድ መሆናቸውን ግን አይመኑ፤ ካሴት በየሙዚቃ ቤቱ ሲባዛ ሽፋን ይለዋወጣል። በቤት የተቀዳ ካሴት ከሆነ ከሁሉ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ መሸፈኛዎች ሰብረው በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ያድርጉ። ሻጋታ የያዘ ካሴት አያጫውቱ፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻውም ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይተላለፋል። ደህናውን ካሴት አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ያጠንጥኑ፣ ካሴቱን የሚያነበውን የማጫወቻውን ራስ በንጹሕ አልኮል ይጥረጉ፣ ከዚያም የዚያን ራስ ማስተካከያ ብሎን ቀስ እያሉ በማዞር የድራሙ ጸናጽል ድምፅ ከሁሉ ጠርቶ በሚሰማበት ላይ ያቁሙት። ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ባልታመቀ የዌቭ ፋይል፣ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይያዙ፤ ለስልክ የሚሆነው ኤምፒስሪ በኋላ ከዚህ ይወጣል። ጫጫታውን ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ከጀርባ የሚሰማው የሕዝብ ድምፅ፣ የአስተዋዋቂው ቃል፣ የጄኔሬተሩ ጉምጉምታ ሁሉ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ማዳመጥ ይመጣል። የመሣሪያው ድምፅ ራሱ ዘመን ይናገራል። ያማሃ ዲኤክስ ሰባት የተባለው ኪቦርድ ለገበያ የቀረበው በፈረንጆች 1983 ስለሆነ፣ የእርሱ ብርጭቆ የመሰለ የፒያኖ ድምፅ የሚሰማበት ቅጂ ከ1975 ዓ.ም. መጨረሻ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ወደ ጎጃም እስኪደርስ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ፋርፊሳ የተባለውን ኦርጋን የመሰለ ቀጭን ድምፅ እንዲሁም ሳክስፎንና ትራምፔት የበዛበት ቅጂ የቀደመውን ዘመን ያመለክታል፤ ነገር ግን አሮጌ መሣሪያ በክፍለ ሀገር ከተማ ለብዙ ዓመት ያገለግል ስለነበረ፣ አዲስ መሣሪያ “ከዚህ በፊት አይደለም” ለማለት ሲያስችል አሮጌ መሣሪያ “ከዚህ በኋላ አይደለም” ለማለት አያስችልም። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በሚገባ ተቀናብረው በአንድ ትንፋሽ የሚጫወቱ ከሆነ ከመካከላቸው የፖሊስ፣ የክቡር ዘበኛ ወይም የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ሥልጠና ያለው ሰው መኖሩን መጠርጠር ይገባል፤ ኖታ ማንበብ በዚያ ዘመን በአብዛኛው የሚገኘው ከእነዚያ ነበርና። ያ ሰው ከተገኘ የባንዱ አሠልጣኝ ተገኘ ማለት ነው።

በቅኝት ላይ ተመሥርቶ የባንዱን አገር መወሰን ግን አይገባም። ባቲና አምባሰል በስማቸው የወሎ ቦታዎችን ቢያስታውሱም በጎጃም መድረክ ሁሉ ይዘፈኑ ነበር፤ “አንቺ ሆዬ ለኔ” የተባለው ቅኝትም እንደዚሁ። ከዚህ ይልቅ ግጥሙ የተሻለ ይመሰክራል። የሚጠሩት ወንዞች፣ ገበያዎችና አድባራት፣ የአነጋገሩ ለዛ፣ ስንኙ በሰምና ወርቅ የተሠራበት መንገድ ገጣሚውን ለመፈለግ አቅጣጫ ይሰጣል። ጎጃም የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ የቅኔ ትምህርት አገር በመሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር የታጀበ ዘፈን ግጥም ከአብነት ትምህርት ቤት በወጣ ሰው እጅ የተጻፈ ሆኖ ሲገኝ ሊያስገርም አይገባም። ግጥሙን ለአንድ የቅኔ አዋቂ አንብቦ አስተያየቱን መጠየቅ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ድምፃዊው ወጣት ወይም ሽማግሌ መስሎ ሊሰማ ይችላል። የኦርጋኑን ድምፅ በመቃኛ መለካት ይህን ያጋልጣል፤ ኦርጋኑ በሙሉ በሁለት ቁልፎች መካከል ወድቆ ከተገኘ ጥፋቱ የማጫወቻው ፍጥነት ነው። ሳያስተካክሉ “ይህ የእገሌ ድምፅ አይደለም” ብሎ መደምደም አይገባም።

ፎቶግራፍ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው የትልቁ ድራም ፊት ነው፤ የባንዱን ስም በዚያ ላይ መጻፍ የተለመደ ነበር። ቀጥሎ የፎቶው ጀርባ ለፎቶ ቤቱ ማኅተም ይታያል፣ ከዚያ መድረኩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅና መፈክር። መፈክር ያለበት ፎቶ ከአብዮቱ በኋላ መሆኑን ለማወቅ አያስቸግርም፤ የበዓሉ ስም ከተጻፈበት ደግሞ ቀኑ ራሱ ተገኘ።

ዘመንና ስም

በማስረጃዎቹ መካከል የሚፈጠረው አብዛኛው ግጭት የሚመጣው ከሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ያለው ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ሰው ስላይድ ላይ የተጻፈ 1975፣ ወሩ ካልታወቀ፣ በእኛ 1967 ወይም 1968 ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ዓመት ማለት ከትርፍ ቤቱ አዋጅ በፊትና በኋላ ማለት ነው። በሌላ በኩል በአማርኛ ፖስተር ላይ የተጻፈ 1972 በፈረንጆች አቆጣጠር ከተወሰደ ባንዱን ከአብዮቱ በፊት ያደርገዋል። በማስታወሻዎ ላይ ዓመቱን ሰነዱ እንደጻፈው ቅዱና የተለወጠውን ከጎኑ ለየብቻ ያስቀምጡ።

የሰው ስም ሲመዘግቡ የአባትን ስም ሳይዙ አይለፉ፤ አያቱም ቢጨመር መልካም ነው። ተጫዋቾች በቅጽል ስም ይጠሩ ነበር፣ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ያለው ግን የመዝገብ ስማቸው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ሳይሞት ማገናኘት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ሲፈልጉ ደግሞ “ሠ” እና “ሰ”፣ “ዓ” እና “አ”፣ “ኃ” እና “ሀ” እያለዋወጡ መሞከር፣ በላቲን ፊደልም በተለያየ አጻጻፍ መፈለግ ግድ ይሆናል።

የታተመ ነገር ለማግኘት በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የአዲስ ዘመን፣ የየዛሬይቱ ኢትዮጵያና የየካቲት መጽሔት ጥራዞች አሉ። ከክፍለ ሀገር የሚላኩ አጫጭር ዜናዎችን ይመልከቱ፤ ባለሥልጣን ሲጎበኝ ወይም በዓል ሲከበር “የከተማው የሙዚቃ ቡድን ልዩ ልዩ ዝግጅት አቀረበ” የምትለው አንዲት መስመር ቀን ትሰጣለች። ጥራዙን በሙሉ ከማገላበጥ ይልቅ ቃለ መጠይቁ የሰጠዎትን በዓል ይዘው ወደ ሳምንቱ በቀጥታ ይሂዱ።

መጻፍና ማስቀመጥ

ሲጽፉ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ በግልጽ ይለይ፤ በሰነድ የተረጋገጠው፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ የተናገሩት፣ አንድ ሰው ብቻ የተናገረውና የእርስዎ ግምት በአንድ ላይ መቀላቀል የለባቸውም። በተለይ ግምት በሌላ ጸሐፊ እጅ በቀላሉ እውነት ይሆናል። ሁለት የሚቃረኑ የምሥረታ ታሪኮች ካሉና መለየት ካልተቻለ ሁለቱንም ከነተናጋሪዎቻቸው ያስፍሩ፤ አማካዩን መውሰድ ሦስተኛ፣ ማንም ያልተናገረው ታሪክ መፍጠር ነው።

ቅጂውን ለሕዝብ ለማሰማት ሲያስቡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያስታውሱ። የግጥምና የዜማ ባለቤት መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ተጫዋቾችም የራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ከባለመብቶቹ ወይም ከወራሾቻቸው በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከሰዎች የተቀበሉትን ፎቶግራፍና ካሴት ወዲያው ገልብጠው ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሱ፤ በጎጃም ከተሞች ከዚህ በፊት “እመልሳለሁ” ብሎ የወሰደ እንግዳ ያላጋጠመው ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በቤታቸው ተቀምጦ፣ እያዩ መገልበጥ ከሁሉ ይሻላል። ከተገለበጠው አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን በአዲስ አበባ በጥናትና ምርምር ተቋሙ ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ማን እንደሰጠው፣ መቼና የት እንደተገለበጠ፣ በምን ማጫወቻ እንደተጫወተ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ አብሮ ይግባ።